ኪሊማንጃሮ ሳልደርስ ደከመኝ

ኧረ ተውኝ! ኪሊማንጃሮን ልወጣ ገንዘቤን ከፍዬ፣ ገና ከአዲስ አበባ ሳልነሳ ትንፋሼ አለቀ። የዕቃ ዝርዝር ላኩልኝ፣ ሁለት ገጽ። የመኝታ ከረጢት፣ የግንባር ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሦስት ዓይነት ጓንት። ሦስት! ስንት እጅ ነው ያለኝ? ይህን ሁሉ አዝዘው ሲያበቁ፣ ተሸካሚው የሚይዝልህ ሻንጣ ከ15 ኪሎ እንዳይበልጥ አሉ። በፌስታል ልጠቅልለው ስል ደግሞ ታንዛኒያ ፌስታል ከከለከለች ቆይታለች፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ።

ጫማውን አታንሱብኝ። «በአዲስ ጫማ እንዳትመጣ፣ አስቀድመህ ተለማመድበት» ተባልኩ። እሺ ብዬ እንጦጦ ወጣሁበት። ተረከዜ ውሃ ቋጠረ። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ በነጠላ ጫማ ገባሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እናቴማ «ተራራ ከሆነ ያማረህ፣ ሰሜን ተራሮች አሉልህ አይደል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ትንሽ ነው የሚያልፈው፤ ያኛው 5,895 ነው። የመጨረሻው ዳገት ደግሞ በእኩለ ሌሊት፣ በዚያ ውርጭ ነው የሚጀመረው። ከፍዬ ልንቀጠቀጥ!

አሁን ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዴ ጠፍቷል።