ስንት ገዛሃት?

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ከጓዳ በኩል ከሚሰማው የብርጭቆ ኳኳታ በስተቀር ኮሽ የሚል ነገር የለም። አጠገቤ የተቀመጠው የሰፈራችን ሰው ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን ልብ ይነካል። ስለ ሟቹ የመጨረሻ ሰዓት ሊያጫውተኝ ነው ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁት።

«ያቺን ብስክሌት ስንት ገዛሃት?» አለኝ።

ብስክሌቴ ከድንኳኑ ደጃፍ ግንብ ተደግፋ ቆማለች። በኤሌክትሪክ የምትታገዝ ብስክሌት ናት፤ ሌላ ኃጢአት የለባትም።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ነው፤ እንጀራዬ ያለው ግን ከከተማው ማዶ፣ መልካ ጀብዱ በኩል ነው። ደርሶ መልሱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን መንገድ ለዓመታት በባጃጅ ስመላለስ ኖሬ አንድ ቀን የወሩን ወጪ ወረቀት ላይ ደመርኩና ደነገጥኩ። ለካ ባጃጅ እንደ ልጅ እያሳደግኩ ነበር። ድሬዳዋ ደግሞ ሜዳ ናት፤ ከብስክሌት ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ክፉው ፀሐይዋ ነው። በተራ ብስክሌት የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር አልፎ፣ ሳቢያንን ጨርሶ ሥራ የሚገባ ሰው ሸሚዙን አውልቆ ቢጨምቀው ባልዲ ይሞላል። የእኔዋን ግን ፔዳሏን ረገጥ ሲያደርጓት የኋላ ጎማዋ ላይ ያለው ትንሽ ሞተር ይቀበላል፤ አንድ ደግ ሰው ከኋላ በመዳፉ ገፋ የሚያደርግ ያህል ነው። ልጅ ሆኜ ብስክሌት ሲያስተምረኝ ኮርቻውን ይዞ ከኋላዬ ይሮጥ የነበረው አጎቴ ትዝ ይለኛል። አጎቴ ግን መሀል መንገድ ላይ ለቀቀኝ።

እግሬ አርፏል፤ አሁን የሚደክመው አፌ ነው። አንድ ጠዋት ቆጠርኩ። ከቤቴ እስከ ሥራዬ 11 ሰው ዋጋዋን ጠየቀኝ። አንዱ የባጃጅ ሾፌር ነው። ሦስት ተሳፋሪ ጭኖ፣ ከጎኔ እኩል እየነዳ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ ከፊቱ የሚሻገረውን ፍየል ረስቶ «ጋሼ፣ ስንት ናት?» አለኝ። ተሳፋሪዎቹ ይቆጡታል ብዬ ነበር። እነሱም መልሱን እየጠበቁ ነው።

ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ባትሪዋ እስከ መቼ ይቆያል፣ ዳገት ትወጣለች ወይ የሚል ሰው ቢገኝ እኮ ወርጄ ሻይ በጋበዝኩት። የምነግረው አላጣም፦ ባትሪዋ 48 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 480 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ እግሬ እየረዳት ለአንድ ኪሎ ሜትር 15 ዋት ሰዓት ያህል ብትበላ ነው፤ ስለዚህ ለእኔ መንገድ ተርፎ ይመለሳል። ሊቲየም ባትሪ ሙቀት እንደማይወድ፣ ፀሐይ ላይ በዋለ ቁጥር ዕድሜው እንደሚያጥር፣ ለዚህ ብዬም እንደ አራስ ልጅ ከብስክሌቷ ነጥዬ፣ አቅፌ ቢሮ እንደምገባና ጠረጴዛዬ ሥር እንደማስተኛው እተርክለት ነበር። ማን ጠይቆኝ!

ዋጋውን ተናግሮ መገላገል ይቻላል የምትሉ ካላችሁ ሞክሩት። እውነተኛውን ስናገር «ተበልተሃል!» ይሉኛል። የእኔ መበላት እንዴት እንደሚያስደስታቸው! ወዲያው አንድ ዘመድ ይገኛል፤ ይህ ዘመድ ይህችኑ ብስክሌት ጅግጅጋ ላይ በግማሽ ዋጋ አይቷታል። ዝቅ አድርጌ ስናገር ደግሞ ሸሸት ብለው ጎማዋን ያዩና «ለነገሩ ዕቃዋም ያስታውቃል» ይላሉ። አንድ ጊዜ መላው የጠፋኝ ዕለት «ስጦታ ናት» አልኩ።

«የሰጠህ ሰው ስንት ገዛት?»

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ከመጋላ እስከ መልካ ጀብዱ ያለው መንገድ በሊቃውንት ተጨናንቆ መተላለፊያ ባልተገኘ ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንኳ እፎይ የምል ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ በርጫ ላይ ናት፤ መንገዱ ለፍየሎችና እንደ እኔ ጉዳይ ላለበት ሰው ይቀራል። አንድ ቀን እንዲሁ ስመለስ፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው በሩ ጥላ ሥር ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ አየኝ። ጉንጩ ሞልቷል፤ መናገር አይችልም። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ እጁን አነሣና አውራ ጣቱን ከአመልካች ጣቱ ጋር ፈተግ ፈተግ አደረገ። ቅንድቡም አብሮ ተነሣ። እኔም ቆም ብዬ በጣቶቼ ቆጥሬ መለስኩለት። ዐይኑን ጨፍኖ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ተበልተሃል ማለቱ ነው።

ከልቤ ያናደዱኝ ግን አከራዬ ናቸው። ግቢያችን ውስጥ አራት ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ እንጋራለን። ብስክሌቷ በገባች በሳምንቷ እትዬ በሬ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ይቺ ነገር ስንት ትጠጣለች?» አሉኝ። ደስታዬን አልችለውም! በስንት ጊዜዬ ትክክለኛ ጥያቄ ተጠየቅኩ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ። ባዶ ባትሪ እስኪሞላ ድረስ፣ ቻርጀሩ የሚያባክነው ተጨምሮ፣ ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙም አትዘልም አልኳቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጋገርበት፣ ብስክሌቷ ወደ ሁለት ሳምንት የምትኖርበትን ጠጥቶ ይነሣል። እትዬ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጋግራሉ። ሁሉንም በጥሞና አዳመጡኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና «ምጣዱማ እንጀራ ይሰጣል» አሉኝ፤ በወሩ መጨረሻ የመብራት መዋጮዬ ጨምሮ መጣ።

እኔስ ብስክሌቷን የምነዳው ለምን ሆነና ነው? እንጀራ ፍለጋ አይደለም? ይህን መልስ ያገኘሁት ግን እሳቸው ከሄዱ ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ መልስ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ አምፖል በተቃጠለ ቁጥር ተጠያቂዋ እሷ ናት። አንድ ማታ መብራት ከመጋላ እስከ አዲስ ከተማ ድርግም ብሎ ሲጠፋ እትዬ በመስኮቴ በኩል «ሰካሃት እንዴ?» ብለው ተጣሩ። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ሲከለከል ዜናውን አብረን ነው የሰማነው፤ «ይበል!» ብለዋል። የሕዳሴው ግድብ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ሲመረቅ ደግሞ እልልታቸው ሦስተኛ ቤት ይሰማ ነበር። ለግድቡ እልልታ፣ ለእኔ ሶኬት ሒሳብ! ምጣዱን «ስንት ትጠጣለህ?» ያለው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተወለደም።

የመሥሪያ ቤታችን የጥበቃ ሠራተኛ ዋጋ አይጠይቁም፤ የእሳቸው ጥያቄ የዘር ነው። ብስክሌት በትንሿ በር እንዲሁ ይገባል፤ ሞተር ሳይክል ግን መዝገብ ላይ ሳይሰፍር አያልፍም። የመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብለው ፔዳሏን አዩና «ብስክሌት ናት» አሉ። ሽቦውን አዩና «ሞተር ናት» አሉ። ሰሌዳ ፈለጉ፤ የለም። መልሰው ፔዳሏን አዩ። ከኋላችን ሰልፍ ተሠራ።

«እኮ ምንድን ናት ልበል?»

«አባባ፣ እንደ በቅሎ ይቁጠሯት» አልኳቸው። ሳቁና አሳለፉኝ። ማታ ስወጣ መዝገቡን ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «በቅሎ፣ 1» ይላል።

በቅሎ ከተነሣች አንድ የምወደው ተረት አለ፦ በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች። ሰው ሁሉ ይህን የሚተርተው በአህያ አባቷ የምታፍር መሆኗን ለማሳየት ነው። እኔ ግን በቅሎዋን አደንቃታለሁ። ጠያቂዎቹ አባቷን ሳያውቁት ቀርተው ነው? ጆሮዋን አይተው የለም? የፈለጉት እሷው በራሷ አፍ እንድትናገርና እንዲስቁ ነው። እሷም ያልጠየቋትን መለሰችላቸው። በዚያ ላይ የድሮ መኳንንት ፈረሱን ለጦርነት ትተው ለመንገድ የሚመርጡት በቅሎን ነበር፤ ዳገት ላይ አትንሸራተት፣ በቀላሉ አትደክም። አባቷን ጠይቆ ከጀርባዋ የወረደ መኮንን መኖሩን አልሰማሁም።

ደግሞ ለጠያቂዎቼ ጠበቃ ልቁም ብል እችላለሁ፤ ድሬዳዋ ራሷ የዋጋ ልጅ ናትና። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር። ተራራው ፊት ሲደርሱ ወጪው ተሰላና አላዋጣም፤ ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ እዚህ የበቀለችው መንደር «አዲስ ሐረር» ተባለች፤ በኋላ ድሬዳዋ የሚለው ስም አሸነፈ። አንድ ሰው በዚያ ዘመን ተራራውን ቀና ብሎ አይቶ «ስንት ይፈጃል?» ባይል ኖሮ እኛ ዛሬ የለንም። ያ ሁሉ ስሌት ግን ኩባንያውን አላዳነውም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰረ፤ አዲስ አበባ ያደረሰው በእሱ ቦታ የተተካው ነው። በዚያን ጊዜም «ተበልታችኋል» ያላቸው የድሬ ሰው ሳይኖር አይቀርም። አሁንም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፤ ከእኔዋ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። እሱን አስቁሞ ዋጋውን የሚጠይቅ የለም። ሰው የሚደፍረው በብስክሌት የሚሄደውን ነው።

እዚህ ላይ የተናደድኩት ስለ ብስክሌቷ ብቻ እንዳልሆነ ልናዘዝ። ልጅ ሆነን ከዚራ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ብስክሌት በሰዓት የሚያከራይ ሰው ነበር። የእጅ ሰዓቱ ከማንም ሰዓት ይፈጥናል። መያዣ ካልሰጡት ብስክሌቱን አይለቅም፤ ገንዘብ የሌለው ልጅ የግራ እግር ጫማውን አውልቆ ይሰጠዋል። አባቴ አዲስ ጫማ በገዛልኝ ማግስት ሄድኩ። ሰውዬው ጫማዬን አገላበጠው፤ ሶሉን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ፤ አሸተተውም።

«አባትህ ስንት ገዛው?» አለኝ።

ኩራት ልቤን ነፍቶት ነገርኩት። ሳቀ። ዛፉ ሥር የነበሩት ትልልቅ ልጆችም ሳቁ። «ተበልተሃል ብሎሃል በለው» አለኝ።

በዚያ ላይ ገና ሁለት ዙር ሳልዞር ሰንሰለቱ ተበጠሰ። አንተ ነህ የበጠስከው ብሎ ጫማዬን ያዘው። ስድስት ሰዓት ላይ የድሬዳዋ አስፋልት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በአንድ እግሬ እየረገጥኩ በአንዱ እየዘለልኩ ቤት ገባሁ። አባቴ አልተቆጣኝም። ማታ ወጥቶ ጫማዬን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ተመለሰ። ለማስለቀቅ ስንት እንደከፈለ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። የሰውዬውንም መልእክት አላደረስኩም።

ድንኳኑን ረሳሁት። ጎረቤቴ መልሴን እየጠበቀ ነው። ዝም አልኩት። ዝምታዬ የዋጋዋን መወደድ አረጋገጠለት መሰል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የራሱን ግምት ተናገረ። ከፊት ለፊታችን የተቀመጡ አዛውንት «ኧረ ከዚያስ ትዘላለች» አሉ። ሦስተኛው ባትሪው ብቻውን ስንት እንደሚያወጣ አውቃለሁ አለ። ድንኳኑ ሞቀ። ይኼኔ ሦስት ቀን ሙሉ ቃል ያልወጣው የሟቹ ወንድም ቀና አለ። ዐይኑ ቀልቷል። ሁላችንም እንደ ተማሪ ጸጥ አልን።

«የደንገጎን ዳገት ትወጣለች?» አለኝ።

ወንበሬን ይዤ አጠገቡ ሄድኩ። እንዳልሞከርኳት፣ ያ ሁሉ ዳገት በአንድ ባትሪ የሚያስተማምን እንዳልሆነ፣ እግሬ ግን እንደሚያግዛት ነገርኩት። ስለ ቮልቱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ጠረጴዛዬ ሥር ስለሚተኛው ባትሪ አወራሁት። እሱና ወንድሙ በልጅነታቸው በአንድ ብስክሌት፣ አንዱ ኮርቻው ላይ አንዱ መሪው ላይ ተቀምጠው ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደነበር አጫወተኝ። ሻይ መጣልን። ሊመሽ ሲል ደጃፍ ድረስ ሸኘኝ፤ የብስክሌቷን መሪ ያዝ አደረገና ትንሽ ቆየ።

«ለመሆኑ ስንት ገዛሃት?»

ነገርኩት። ትንሽ ቀንሼ።