በቦረናው ድርቅ ያልተቆጠረው ጉዳት

ከ2013 መጸው እስከ 2015 መጸው ድረስ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይዘንቡ አለፉ። የሙቀቱ መጨመር የተረፈችውን እርጥበት ከአፈሩና ከግጦሹ አሟጠጠ። የአፍሪካ ቀንድን ድርቅ ያጠኑ ዓለም አቀፍ ሳይንቲስቶች በሚያዝያ 2015 እንዳስታወቁት፣ ይህን የመሰለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉ በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ቢያንስ 100 እጥፍ አድጓል። የሞቱት ከብቶች ተቆጠሩ፣ የእርዳታ እህሉም በኩንታል ተሰፈረ፤ ከብቱ ያለቀበት ሰው የአእምሮ ጤና ግን ከድርቅ ምላሽ ዕቅዶቹ ጠርዝ አላለፈም።

በአርብቶ አደር ቤት ላም ስትነጥፍ ቀድሞ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። በምግብ እጥረት የተዳከመን ልጅ ኩፍኝም ሆነ ተቅማጥ በቀላሉ ይጥለዋል፤ ኩሬው ሲጎድል ደግሞ ሰውና እንስሳ ከአንድ ውሃ ይጠጣሉ። ይህ ጉዳት፣ ሕክምናው ባይበቃም፣ በሽታ መሆኑን ሁሉም ይቀበላል።

የቦረና አባወራ ልጁን የሚድረው፣ ለተቸገረ ዘመዱም የሚደርሰው በከብቱ ነው። መንጋው ያለቀበት ሰው ቡሳ ጎኖፋ በተባለው ነባር የመረዳጃ ሥርዓት ከጎሳው ላም እየተሰጠው እንደገና ይቋቋም ነበር። ይህ ሥርዓት የልብ ሕክምናም እንደነበረ አምናለሁ፤ የከሰረው ሰው ዛሬ የሚሰጠው እንዳለ፣ ነገ ደግሞ እርሱ ሰጪ እንደሚሆን ያውቃልና። ድርቁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲመታ ግን ሰጪ ጠፋ። ትናንት ባለብዙ ከብት የነበረ ሰው ዱቡሉቅን በመሰለ መጠለያ ለእህል ተሰልፎ፣ እንቅልፍ ቢያጣና ከሰው ቢሸሽ ‹‹ጊዜ ይሽረዋል›› ተብሎ ሊተው አይገባም።

የአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል፤ ከያቤሎ እዚያ ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። በቅርብ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። የሕፃኑን ክንድ ለክተው የምግብ እጥረቱን ሲለዩ፣ እናቲቱንም እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ፣ ተስፋ ቆርጣ እንደሆነ እንዲጠይቁና የከፋባትን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ማሠልጠን ይቻላል። ለመልሶ ማቋቋም የሚገዙት ፍየሎችና ጊደሮችም በጎሳ ሽማግሌዎች በኩል፣ በቡሳ ጎኖፋ ወግ ቢታደሉ፣ ተቀባዩ እንስሳውን ብቻ ሳይሆን ከጎሳው ጋር የተቋረጠውን ዝምድናውንም መልሶ ያገኛል። ጤና ሚኒስቴርና የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን እነዚህን ሁለት ሥራዎች ከእህሉና ከክትባቱ ጋር በድርቅ ምላሽ ዕቅዳቸው ውስጥ አስገብተው፣ ቀጣዩ ዝናብ ሳይቀር በፊት በጀት ሊይዙላቸው ይገባል።