ቦነስ ለሠራ ነው ወይስ ለቆየ?

ሐምሌ ሲገባ ባንክ ቤት የሚሠሩ ጓደኞቼ ወሬ አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ቦነሱ የስንት ወር ደሞዝ ነው?» ሒሳቡ ሰኔ 30 ተዘግቷል። ኦዲቱ ይቀራል፣ የቦርዱ ውሳኔ ይቀራል። ብሩ እጅ የሚገባው አንዳንዴ መስከረምን ተሻግሮ ነው። እስከዚያ ግማሹ በብድር ያልቃል።

በዚህ መሃል ወድቆ የሚቀር ሰው አለ። በጀት ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ነሐሴ ላይ የለቀቀ ሰው። ጥቅምት ላይ ቦነሱ ሲወጣ ስሙ የለም። «ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን በሥራ ላይ ያልነበረ አይመለከተውም» ይሉታል።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ቦነስን ከደመወዝ አውጥቶታል። አሠሪው ቦነስ የመስጠት ግዴታም አልጣለበትም። ግን ደመወዝ ስላልሆነ መብት ሊሆን አይችልም ማለት አይደለም። በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ውል ከተጻፈ ድርጅቱን ያስገድዳል። ስለዚህ ክርክሩ ወረቀቱ ላይ ምን ተጻፈ፣ መቼስ ተጻፈ የሚለው ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ነሐሴ ላይ የወጣ ሰርኩላር ከሆነ ለእኔ አይዋጥልኝም።

አሠሪዎች «ቦነስ የምንሰጠው ሰው እንዲቆይልን ነው» ይላሉ። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ዓመቱ ሳይጀመር ይንገሩን። በዚያ ዓመት ትርፍ ውስጥ የለቀቀው ልጅ ደጅ ጠንቶ ያመጣው ተቀማጭ አለ። እሱ ሲሄድ ትርፉ አብሮት አልሄደም።

የባሰው የወሊድ ፈቃድ ነው። አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከነክፍያው ይሰጣል። አንዳንድ ቦታ ግን ቦነሱ «በሥራ ገበታ ላይ በተገኙበት ቀን» ይሰላና እነዚያ ወራት ይቀነሳሉ። ይኸው አዋጅ ሴት በጾታዋ ምክንያት እንዳትለይ ይከለክላል። ወንድ አይወልድም፤ ቅነሳው የሚያርፈው ማን ላይ እንደሆነ ለማወቅ ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም።

ቀርቶብኛል የምትሉ ካላችሁ ቶሎ በሉ። የክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል። ብዙ ሰው ያቺን 6 ወር የሚጨርሳት «እስቲ መጀመሪያ አለቃዬን ላናግረው» እያለ ነው።