የናዚ ዘመን የጦር ዕቃ ገበያ ይውጣ?

የናዚ ጀርመን ጩቤ፣ ሜዳሊያና የወታደር መታወቂያ ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ በጨረታ ይሸጣል። አንድ የእነዚህ ዕቃዎች ሰብሳቢና ሽያጩን የምትቃወም ጸሐፊ እንዲህ ተሟገቱ።

ሰብሳቢው፦ በእጄ በጀርመኗ ከተማ በዞሊንገን የተሠራ ጩቤ አለ፤ የናዚ ፓርቲ ሚሊሺያ የነበረው የኤስኤ ነው። የኤስኤው አዛዥ ኧርንስት ሮም ለቆዩ አባላት ሲያድል የወዳጅነት ቃልና ስሙን ስለቱ ላይ አስቀርጾ ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ሂትለር ሮምን አስገደለው፤ ጽሑፉም እንዲፋቅ ታዘዘ። እኔ ጋ ባለው ጩቤ ላይ የሞረዱ ጭረት ዛሬም ይታያል። አምባገነን የገዛ ሰውን ከታሪክ ሲፍቅ በዓይን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እኛ ባንሰበስበው ኖሮ ተጥሎ ይቀር ነበር።

ተቃዋሚዋ፦ ወንድሜ፣ የሚያስተምረው የተፋቀው ነው አሉ። ገበያው ግን ዋጋ የሚቆልለው ጽሑፉ ሳይፋቅ ለተረፈው ነው!

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የአንገት መታወቂያው ነው። ሞላላ ብረት ነው፤ በቀላሉ እንዲሰበር መሐሉ ተሰንጥቋል፤ በሁለቱም ግማሽ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥርና የጦር ክፍል ተጽፎበታል። ወታደሩ ሲሞት የታችኛው ግማሽ ተሰብሮ ለመዝገብ ይላካል፤ የላይኛው ከአስከሬኑ ጋር ይቀበራል። እንግዲህ ከአፈር ውስጥ ሙሉውን የወጣ መታወቂያ ብዙውን ጊዜ መርዶው ያልተነገረ ሰው ነው። በሩሲያና በላትቪያ ጫካ የሚቆፍሩ ዘራፊዎች እሱን ይዘው አጥንቱን በትነው ይሄዳሉ። የጀርመን የጦር መቃብር ማኅበር ሰዎች ኋላ ሲደርሱ አጥንቱ የማን እንደሆነ በምን ይወቁ? ሟቹ የተዋጋው ለክፉ ሥርዓት ነው፤ እናቱ ግን የልጇን መቃብር ማወቅ ይገባት ነበር።

ሰብሳቢው፦ መቃብር መዝረፍ ነውርም ወንጀልም ነው፤ ከአፈር የወጣ መታወቂያ እኔም አልገዛም። የዘራፊውን ኃጢአት ግን ከአያቱ ሳጥን ጩቤ ባገኘ ሰው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ድል አድርገው የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ስንቱን ዕቃ ለማስታወሻ ይዘው ገቡ! ጀርመን ራሷ በወንጀል ሕጓ አንቀጽ 86ሀ የናዚን ምልክት በአደባባይ ማሳየትን ስትከለክል ለጥናትና ለትምህርት ትፈቅዳለች፤ በቤት ማስቀመጡንም አልከለከለችም።

ተቃዋሚዋ፦ የምከራከረው ስለ ሽያጩ ነው። በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. ሙኒክ አጠገብ የሂትለር ባርኔጣ ሳይቀር ለጨረታ ወጣ። የሊባኖስ ተወላጁ ነጋዴ አብደላ ሻቲላ፣ ኒዮ ናዚዎች እጅ እንዳይገባ ብሎ፣ ወደ 600,000 ዩሮ አፍስሶ ዕቃዎቹን ገዛና ለአይሁድ ድርጅት ሰጠ። እግዜር ይስጠው። ይሁንና ብሩ የገባው ሻጮቹ ኪስ ነው፤ ሌላውም ሻጭ ዋጋውን አይቷል።

ሰብሳቢው፦ ታዲያ ይዘጋ ነው የሚሉት? ይፋው ጨረታ ሲዘጋ ዕቃው ወደ ስውር ገበያ ይሄዳል። በ2017 እ.ኤ.አ. የአርጀንቲና ፖሊስ ቦነስ አይረስ አጠገብ አንድ ሰብሳቢ ቤት ከመጻሕፍት መደርደሪያ ጀርባ የናዚ ዕቃ የታጨቀበት ድብቅ ክፍል አግኝቷል።

ተቃዋሚዋ፦ ከማን እጅ እንደመጣ በጽሑፍ ያልተረጋገጠ ዕቃ አይሸጥ ነው የምለው። ሙሉውን የተገኘ መታወቂያ ደግሞ፣ ቁጥሩ አስቀድሞ በርሊን ላለው የወታደሮች መዝገብ ይላክ።

ሰብሳቢው፦ በመታወቂያው ተስማምተናል። ለጩቤ ግን ከ80 ዓመት በኋላ ማን ወረቀት ይኖረዋል?

ተቃዋሚዋ፦ ወረቀት የሌለው ለሙዚየም በነፃ ይስጥ።