ቅሉን ማን ጣለው?

የባሕር ዳርና የዙሪያዋ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። መጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ላውጣ።

የአያቴ ቤት መሸንቲ ነበር። ከምድጃው በላይ ጥቀርሻ የለበሰ ቅል ተሰቅሏል። ውስጡ የጥቁር ዳጉሳ ዘር ነው። አጨዳ ሳይጀመር ማሳው ውስጥ ትገባና እንደተጨበጠ እጅ ጥቅልል ያለውን ዛላ ብቻ እየመረጠች ትቀጥፋለች። ያንን ቅል እንኳን ልጅ አባወራውም አይነካውም። ስታርፍ ቤቱን ያጸዳነው የተማርነው የልጅ ልጆቿ ነን። ቅሉን ከነዘሩ ከቆሻሻ ጋር የጣልኩት እኔ ነኝ።

እናንተስ? በ77ቱ ድርቅ ገበሬው ዘሩን የበላው ነፍሱን ለማቆየት ነበር። እኛ ጠግበን እንጥላለን!

«አዲስ አበባ የዘር ባንክ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ እሰየው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ግን ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ራሳቸው ዘር በገበሬው ማሳም ላይ እንዲጠበቅ ነው የደከሙት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር የገባበት ቀን ላይ ይቆማል። አዲስ በሽታ መጣ፣ ዝናብ ዘገየ፣ እሱ አያውቅም። ማሳ ላይ ያለው በየክረምቱ ይፈተናል። ደግሞ የባንኩም ዘር ያረጃል፤ በየጊዜው መዘራትና መታደስ አለበት።

ምርጥ ዘር አትዝሩ አላልኩም። በቆሎው ጎተራ ሞልቷል፣ አልክድም። ግን ዲቃላ በቆሎ መልሳችሁ ብትዘሩት ምርቱ ይወርዳል፤ በየዓመቱ መግዛት ነው። ዘሩ ሲዘገይ ወይ ዋጋው ሲሰቀል ምን ልትዘሩ ነው? ዳጉሳ ግን ከራሱ ምርት ይዘራል፣ ለዓመታት ቢቀመጥ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፣ በደከመ መሬትም ይበቅላል። ብዙ ማዳበሪያም አይጠይቅም። ከየማሳው ታጥቦ ጣና የሚገባው ማዳበሪያ እኮ እምቦጭን ከሚቀልቡት አንዱ ነው። ለእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ወጥታችሁ ፎቶ ስትነሱ አይቻለሁ። እርሻው ላይ ስላለው ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

ለገና አገር ቤት የምትገቡ ልጆች፣ እናታችሁን ስለ ቅሉ ጠይቋት። አንድ እፍኝ ለምኑና ለጎረቤትም አካፍሉ፤ አንዱ ቤት ቢጠፋ ሌላው ቤት ይገኛል።

ቅሉ እዚያው ምድጃው ላይ ካለ ደግሞ፣ አደራ፣ ቤቱን አታጽዱላት።