ትእዛዙ የማን ነበር?

ወገኖቼ፣ በተለይም ከአቃቂ ወዲያ በከተማዋ ዳርቻ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች አብረን የምንኖር ጎረቤቶቼ፣ በሐምሌ ያደረግነው ነገር ከክረምቱ ጋር አብሮ እንዲያልፍ መፈለጋችሁ ስለገባኝ ይህን እጽፍላችኋለሁ። እኔ ይቅር ልለው አልቻልሁም።

ነገሩን ብታውቁትም ልድገመው። ከሕንፃችን አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ የምትኖር አንዲት ሴት፣ ለሕክምና ከገጠር ያመጣቻቸው እናቷ ዐረፉባት። ከቀብር መልስ ለቅሶኛው የሚቀመጥበት ስፍራ ጠፋ። ሁላችንም «ኮሚናል» የምንለው የጋራ መጠቀሚያ ቤት ፊት ለፊቷ ሆኖ ሳለ በሩ በጓጉንቸር ተቆልፎ ዋለ። በመስኮቱ መስታወት በኩል የፕላስቲክ ወንበሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው፣ ትልቁም ድስት ከጎናቸው ተደፍቶ ይታያል። ከአገር ቤት በአውቶቡስ የመጡት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ዝናብ እየገረፋቸው ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል።

ጥበቃው «ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ነገር ግን ታዝዣለሁ» አሉ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር «ደንቡ ለተከራይ አይፈቅድም፤ ባለቤቱ ደብዳቤ ይጻፍላት» አለ። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ ስልኩም አልተነሣም። ጸሐፊዋ ደግሞ «ጠቅላላ ጉባኤው የወሰነውን እኛ እንዴት እንሽረዋለን?» አለች። ጠቅላላ ጉባኤው እኮ እኛ ነን፤ አንድ እሑድ ጠዋት «ተከራይ ዕቃ ይሰብራል» ተብሎ አንቀጹ ሲነበብ፣ ቶሎ ተጨርሶ ወደየጉዳያችን እንድንሄድ ብለን እጃችንን ያወጣን እኛ። በዚያን ዕለት ግን ከየበረንዳችን ቁልቁል እያየን «ኮሚቴው ያውቃል» አልን። ትእዛዙን የሰጠውን ጨካኝ ሰው ብፈልገው አጣሁት፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር፣ ፓሪስ በጀርመን ጦር እጅ ሳለች፣ በ1943 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዋና ሥራው ይህን ሽሽት መርምሮታል፤ ሰው መምረጥ እንደሚችል እያወቀ፣ ራሱን የማይመርጥ ዕቃ አስመስሎ ከኃላፊነቱ የሚደበቅበትን ሽሽት ማለቴ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግርም የአንድ ተማሪውን ነገር አንሥቶ ነበር። ወጣቱ ከእናቱ ጋር ልቅር ወይስ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሬ ከነፃዎቹ ፈረንሳውያን ጦር ልቀላቀል ብሎ ምክር ቢጠይቀው፣ ሳርትር የሰጠው መልስ ነፃ ነህና ምረጥ የሚል ነበር፤ በተማሪው ፋንታ የሚመርጥለት የሥነ ምግባር ደንብ አልነበረምና። ያ ወጣት ግን በሁለት ከባድ ግዴታዎች መካከል ነበር የቆመው። እኛ በምንና በምን መካከል ነበርን? በተደራረቡ ወንበሮችና በሚለቀሱ እናት መካከል!

በጥበቃው ላይ የምፈርድ አይምሰላችሁ። በዚያች ደመወዝ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው እንጀራውን ቢፈራ አይገርምም፤ ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ደ ቦቯርም ብትሆን ሰው ያለበት ሁኔታ እኩል እንዳልሆነ፣ የነፃነቱም ስፋት እንደዚያው እንደሚለያይ ከሳርትር ጋር ተከራክራለች። የእኛ የባለቤቶቹ እንጀራ ግን በማን እጅ ነበር? «ይከፈት» ብንል ማን ያባርረን ነበር? በየዓመቱ የካቲት 23 የ1888ቱን የዓድዋ ድል ስናከብር «ነፃነት» የሚለውን ቃል አፋችንን ሞልተን እንጠራዋለን፤ በሐምሌ ግን ማንም ሳያስፈራራን ድምፃችን ጠፋ። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት አባቶቻችን ቢያንስ ንጉሥ ነበራቸው። እኛ ያልነበረብንን ንጉሥ ከአንድ ጓጉንቸር ሠርተን ሰገድንለት።

ስልጣን ከእኛ እጅ አለመውጣቱን ለማወቅ የፈረንሳዮቹን መጽሐፍ ማንበብም አያስፈልግም ነበር። በዚያው ዝናብ ከሁለተኛ ፎቅ አንድ ጎረምሳ የሳሎኑን ወንበሮች ተሸክሞ ወርዶ ለሽማግሌዎቹ አስቀመጠላቸው፤ ተመልሶም ሸራ አምጥቶ ከአጥሩ ብረት ጋር አሰረው። ማንንም አላስፈቀደም። ኮሚቴው አልጠራው፣ አልቀጣው። እኛም አይተነው አንድ ወንበር እንኳ ሳናወርድ መስኮታችንን ዘጋን፤ እኔ ይህን ሳስታውስ ንዴቴ ይመለሳል።

ቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ከመስቀል በኋላ ይጠራል ተብሏል። አንቀጹ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ የሚደግፈኝ ሁለተኛ ሰውም ያስፈልገኛል። «ያለፈው አለፈ» እንደምትሉኝ፣ ሰዓታችሁን እያያችሁ እንደምትቁነጠነጡም አውቃለሁ፤ አንዳንዴ እኔም ይደክመኛል። ቢሆንም አንድ ጎረምሳ ከወረደ ሌላም ሊወርድ ይችላል እላለሁ። እባካችሁ በዚያች እሑድ አንቀጹ እስከ መጨረሻው ሳይነበብ እጃችሁን አታውጡ፤ ከዚያም «ኮሚቴው ያውቃል» ሳትሉ፣ እያንዳንዳችሁ በየስማችሁ ተነሥታችሁ ይቅር ወይም ይኑር በሉ።