«የግቢ መታወቂያ አለህ?»

ቶሮንቶ በየሰኞው አንድ ኢሜይል ይደርሰኛል። የሚልከው ሰፈሬ አጠገብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪ አይደለሁም፤ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም የምውል ሰው ነኝ። አንዴ ስሜን ሰጠሁ፣ በዚያው ቀረሁ። የሳምንቱን ዝግጅት ይነግረኛል፦ ማክሰኞ ለማንም ክፍት የሆነ ገለጻ፣ ረቡዕ ዮጋ፣ ሐሙስ ከሰፈሩ ሰው ጋር አትክልት ተከላ። ፈተና ሲደርስ ደግሞ ውሻ ይመጣል። የጨነቀው ተማሪ ተሰልፎ ውሻ እየደባበሰ ይረጋጋል። ይሄን ለአንድ የድሬ አብሮ አደጌ ብነግረው «አቦ ተው!» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

እኔም ስቄያለሁ። «አብረን ሻይ እንጠጣ» ለሚል ዝግጅት ምዝገባ ሲጠይቁ ምን ይባላል? ድሬ ፀሐይዋ በረድ ስትል ሰው ወንበሩን ይዞ ደጅ ይወጣል። ሐረር ጁገል ደግሞ እንደ ዕድር ያለ አፎቻ የሚሉት ማኅበር አለ፤ ሠርጉም ለቅሶውም በእሱ ነው የሚቆመው።

ዘንድሮ ግንቦት ድሬ ስመጣ ግን ሳቄ ቀነሰ። አክስቴ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ በር ፊት ለፊት ቡና ታፈላለች። አንድ ዝምተኛ ተማሪ በየቀኑ ይመጣል። ከጎጃም ነው የመጣው። እዚህ አፎቻ የለው፣ ዕድር የለው፣ ደጅ ወንበር የሚያወጣለት ዘመድ የለው። «ይሄ ልጅ ሆድ ብሶታል» ትላለች አክስቴ፤ ሁለተኛውን ስኒ አታስከፍለውም። ጥሩ ነው። ግን ጀበናዋን ሰብስባ ከሄደች በኋላ፣ ሌሊቱንስ?

በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ስለ ደም ግፊት ገለጻ አለ፣ ስምንት ሰዓት ላይ። አክስቴ ግፊት አለባት። «ተነሺ እንግባ» አልኳት። ጥበቃው «የግቢ መታወቂያ አለህ?» አለኝ። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ አልተቀየምኩም።) የለኝም። እሷም የላትም። እዚያ በር ላይ 11 ዓመት ቡና ሸጣለች፤ የትኛው አስተማሪ ስንት ስኳር እንደሚወስድ ታውቃለች። ውስጡን ግን አይታው አታውቅም።

ጥበቃውን አልወቅሰውም። ግቢዎች ብዙ ያዩበት ዘመን ነው፣ ታዟል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለሕዝቡ ምንም አይሠሩም ማለትም ሐሰት ነው፤ ሐረር ያለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ስንቱ ታክሞበታል። ሲያመን በሩ ክፍት ነው። ለመስማት ብቻ ስንመጣ ነው መታወቂያ የሚያስፈልገን።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ስለ ሐረር ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎችና ስለ ድጉሳት (የመጽሐፍ ቆዳ ሽፋን ማስጌጥ) ጥበቧ መጀመሪያ የሰማሁት ቶሮንቶ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ገለጻ ላይ ነው፣ በረዶ በሚጥልበት ማታ፣ የመጋዘን ጫማዬን እንደተጫማሁ። ማን ነህ ያለኝ የለም። ሐረር ከድሬ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት! እንዲህ ያሉ ጽሑፎች የሚገኙበትን፣ ሐረር ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ደጃፍ ስንቴ በልጅነቴ አልፌያለሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ተማሪዎቹ ወጡ። ዝምተኛው ልጅ ቦታው ላይ ተቀመጠ። አክስቴ ስኒውን እየሰጠችው «ምን አሏችሁ?» አለችው። ልጁ ደብተሩን ገለጠና ያነብላት ጀመር። ይሄን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

«ጨው ይቀንሱ፣ እማማ፣ ብለዋል» አላት።

አክስቴ ቡናዋን በጨው ነው የምትጠጣው። ስኒዋን አየችው፣ ልጁን አየችው።

«ለቡና ነው ያሉት ወይስ ለወጥ?»